ጥቁር ሰደፍ ወይስ እንጨት? ሩገር 10/22ን ስለ ማሻሻል የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ «ዳላስ አካባቢ ነው የምኖረው። በቅርቡ ሩገር 10/22 የሚባለውን ባለ .22 (የቀዳዳው ስፋት 0.22 ኢንች ገደማ የሆነ) ጠመንጃ ገዛሁ፤ ተራው፣ የእንጨት ሰደፍ ያለው ነው። ወፍራም ባረል (ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ)፣ ጥቁር ታጣፊ ሰደፍ፣ 25 ጥይት የሚይዝ ካዝና፣ አፈሙዙ ላይ ደግሞ የድምፅ ማፈኛ የሚመስል ቱቦ ልገጥምለት አስቤያለሁ። እንደዚያ ሲሆን የበለጠ አይመታም? ታላቅ ወንድሜ ግን ‹ጠመንጃ ማለት እንጨትና ብረት ነው፤ አንተ የፊልም ዕቃ ልታደርገው ነው› እያለ ያሾፍብኛል። እሱ ያለው ኒው ዮርክ ነው። የኔ ካማረ አንድ ተመሳሳይ ሠርቼ ልሰጠው እፈልጋለሁ። በሰኔ አባታችን ከጎንደር ለጉብኝት ስለሚመጡ የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ለማሻሻያው 600 ዶላር ይዣለሁ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ አይመታም። ከዚህ የምጀምረው የጥያቄህ ግማሽ በዚህ ግምት ላይ ስለቆመ ነው። የሰደፍ ቀለምና ቅርጽ የጥይትን ፍጥነት አይጨምርም። ወፍራም ባረልም ጥይቱን አያፈጥነውም። ከዘረዘርካቸው አራት ነገሮች ምቶችህን ሊያቀራርብ የሚችለው ባረሉ ብቻ ነው፤ እሱም ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ። ቱቦው ምንም አይሠራም። ታጣፊው ሰደፍ ደግሞ ጭራሽ ሊያባብስብህ ይችላል።

ይህን ስል ወንድምህ ረታ ማለቴ አይደለም። እንጨትም ቢሆን አያስመታም። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ መልክ ነው። መልክ ደግሞ ለማሻሻል በቂ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡ የራስህ፣ ጠመንጃውም የራስህ። ጣጣው የሚመጣው ለዓይንህ የከፈልከውን ብር ለዒላማ የከፈልከው ሲመስልህ ነው። ብዙ ሰው 500 ዶላር አውጥቶ፣ ያው የድሮው ምት ሲገጥመው «ጠመንጃው ብልሽት አለው» ብሎ ይመጣል። ብልሽት የለውም። የተቀየረው ልብሱ ብቻ ነው።

እጅህ ላይ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ በመጀመሪያ እንይ። 10/22 የወጣው በ1964 ነው። ያኔ .22 ጠመንጃ በብዛት የልጅ መለማመጃ ተደርጎ ይታይ ነበር። አምራቹ ሩገር ግን ለአዋቂ ትከሻ የሚሆን አደረገው። መልኩንም ከ3 ዓመት በፊት ያወጣውን የ.44 ማግነም ካርባይን (ትልቅ ጥይት የሚተኩስ አጭር ጠመንጃ) እንዲመስል ቀረጸው፤ ባረሉን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው ቀለበት ሳይቀር። ስለዚህ ይህ ጠመንጃ ከመጀመሪያውም መልኩ ታስቦበት የተሠራ ነው። መልክ የሚያስጨንቀው አንተን ብቻ አይደለም።

ሰው ሁሉ የሚፈታታው ደግሞ አሠራሩ ስለሚፈቅድ ነው። በአብዛኛው ጠመንጃ ላይ ባረል ተጠምዝዞ ወይም በኃይል ተገፍቶ ነው የሚገባው። እዚህ ግን አንድ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ብረትና ሁለት ብሎን ይይዙታል። ሰደፉ የታሰረው በአንድ ብሎንና በዚያች ቀለበት ነው። የቃታው ክፍል ሁለት ፒን ሲወጣ እንዳለ ይወጣል። የማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በአንድ ካቻቪቴና በአንድ አለን ቁልፍ ማለቅ የሚችል ሥራ ነው። መለዋወጫውም ከመብዛቱ የተነሳ ዛሬ አንድም የሩገር ዕቃ የሌለበት «10/22» መገጣጠም ይቻላል። ታዲያ ከመንካትህ በፊት ካዝናውን አውጣ፣ ቦልቱን (ጥይቱን ወደ ባረሉ የሚያስገባውን ተንሸራታች ብረት) ስበህ የጥይት ክፍሉ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ይህን ሁልጊዜ አድርገው፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት አይቼዋለሁ ብለህ አትዝለል።

አሁን ወደ መምታት። የመጀመሪያው ገንዘብህ መሄድ ያለበት ወደ ጥይት ነው። .22 ሎንግ ራይፍል በ1887 የወጣ ጥይት ነው። ሪምፋየር የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚቀጣጠለው ኬሚካል እንደ ሌላው ጥይት ከቀለሁ ግርጌ መሃል ባለች ቆብ ውስጥ አይደለም። ባዶ በሆነው ጠርዝ ውስጥ፣ ዙሪያውን እርጥብ ሆኖ እየተሽከረከረ የሚገባ ነው። መቺው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይለኮሳል። ይህ አሠራር ርካሽ ነው፣ ግን ወጥ አይደለም። አንዱ ቀለህ ውስጥ ኬሚካሉ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ የጥይቱ ፍጥነት ይለያያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይተኩስም። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን ስላለበት ግፊቱም ዝቅተኛ ነው። ቤት ውስጥ መልሰህ ሞልተህ አታስተካክለውም። ፋብሪካው ሳጥን ውስጥ ያስገባልህን ነው የምትተኩሰው።

ስለዚህ ባረልህ የሚወደውን ጥይት መፈለግ ነው ያለብህ። አዎ፣ ባረል ይመርጣል። ተመሳሳይ ሁለት ሩገር ከአንድ ሱቅ ወጥተው አንዱ የሚወደውን ሌላው ሊጠላው ይችላል። 5 ወይም 6 ዓይነት አንድ አንድ ሳጥን ግዛ። በ50 ያርድ፣ ማለትም ወደ 46 ሜትር ገደማ፣ ጠመንጃውን አስደግፈህ አምስት አምስት ጥይት ተኩስ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው። ዓይነት በቀየርክ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አሥር አሥራ አምስት አትቁጠር፤ የእያንዳንዱ ጥይት ቅባት የተለየ ስለሆነ ባረሉ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።

ፍጥነት ደግሞ አያታልልህ። ሳጥኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ጥይት በሰከንድ 1,250 ጫማ አካባቢ ይወጣል። የድምፅ ፍጥነት ወደ 1,125 ነው። ያ ጥይት ዒላማው ጋ ሳይደርስ የድምፅን ፍጥነት ወደ ታች ያልፋል፤ ሲያልፍ ይናወጣል። 1,070 ጫማ የሚወጣው መደበኛ ጥይት ግን ከመጀመሪያውም ከድምፅ በታች ስለሆነ ያ ችግር የለበትም። ለጀማሪ ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ የሚባለው ጥይት ጥሩ መነሻ ነው፤ ዋጋውም አይጎዳም፣ ቦልቱንም በደንብ ያንቀሳቅሳል። በዋጋ ከፍ ካልክ የኤስኬ እና የኢሌይ ጥይቶች አሉ። በጅምላ በባልዲ በሚሸጠው ርካሽ ጥይት ያልተነካ 10/22 በ50 ያርድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኢንች ይበትናል። በሚወደው ጥይት ወደ አንድ ኢንች ሲጠጋ ታያለህ። አንድ ብሎን ሳትፈታ።

ሁለተኛው አያያዝህ ነው። የፋብሪካው ሰደፍ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ የተቀረጸው በብረቱ ማነጣጠሪያ ለሚያይ ሰው ነው። አንተ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ስታደርግበት ዓይንህ ከፍ ማለት አለበት። ጉንጭህ ከእንጨቱ ይነሳና አገጭህ ብቻ ይነካዋል። ያኔ ጭንቅላትህ በእያንዳንዱ ተኩስ የተለያየ ቦታ ነው። ይህ ከባረል ጥራት የበለጠ ምት ይበትናል። በርካሽ ለመፍታት በማሰሪያ የሚጠመጠም የጉንጭ ድጋፍ አለ። ይሠራል፤ መልኩ ግን በፋሻ የተጠቀለለ ጉልበት ይመስላል። ሰደፍ መቀየር ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለዒላማም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ጉንጩ ከፍ ያለ፣ ርዝመቱ ለክንድህ ልክ የሆነ ሰደፍ ካገኘህ። አብዛኛው ርካሽ ታጣፊ ሰደፍ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጉንጩ ቀጭንና ዝቅተኛ ነው። ማጠፊያው ከጊዜ በኋላ ይላላል። ቦርሳ ውስጥ ከሚያስገቡት ሰዎች በቀር ለማን እንደሚጠቅም አይገባኝም። አንተ ደግሞ መኪና አለህ።

ሦስተኛው ቃታው ነው። የፋብሪካው ቃታ ለመሳብ ወደ 6 ፓውንድ ይፈልጋል፤ ጠመንጃው ራሱ 5 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል። ይህን ያህል ስትስበው ጠመንጃው አብሮ ቢንቀሳቀስ አይገርምም። ሩገር ራሱ ቢኤክስ የሚባል 2.75 ፓውንድ ገደማ የሚሳብ ክፍል ይሸጣል፤ ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ ነው፤ ሁለቱን ፒን አውጥተህ እንዳለ ትቀይረዋለህ። ሌሎች ድርጅቶችም በጣም የተዋጣላቸውን ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ግን ወደ ጠመንጃው ዋጋ ይጠጋል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ የድሮውን ቃታ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት አታለስልሰው። መያዣው ጥርስ በስህተት ከተሞረደ ጠመንጃው ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል፤ ወይም አንዴ ስትስበው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊተኩስ ይችላል። ሁለተኛው በአሜሪካ ሕግ መትረየስ መያዝ ነው። «ሳላስበው ነው» የሚለው ነገር እዚያ ላይ ብዙ አያስኬድህም።

ስለ ባረሉ ደግሞ። ወፍራሙ ባረል ዲያሜትሩ 0.920 ኢንች ነው፤ ወደ 23 ሚሊሜትር። አንተ ያለህ ሰደፍ ቦይ ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ ባረል ገዛህ ማለት ሰደፍም ገዛህ ማለት ነው። ከባድም ነው። አልሙኒየም በሆነው ሪሲቨር (ባረሉና ቃታው የሚታሰሩበት የጠመንጃው ገላ) ላይ በሁለት ብሎን ብቻ ስለሚንጠለጠል፣ ሰደፉ ውስጥ በደንብ ካልተቀመጠ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ስኮፑም ማስተካከያው ያልቅበታል። ጥሩ ባረል የጥይት ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ለውድድር ጥይት ይመቻል። ርካሹን ጥይት ግን አንዳንዴ ያጣብቃል፣ ቀለሁንም በደንብ አያወጣም። እነዚህን ሁሉ የሚፈታ ባለሙያ አለ። ግን አንተ ገና የጠመንጃህን ጥይት አላወቅህም። በወጉ ከተለማመድክ በኋላ ባረሉ ከአንተ ችሎታ በታች ሆኖ ካገኘኸው ያኔ ቀይረው። አብዛኛው ሰው እዚያ አይደርስም፤ እኔ ካየኋቸው ባረሎች ብዙዎቹ ከባለቤታቸው የተሻሉ ነበሩ።

አፈሙዝ ላይ የሚገጠመውን ቱቦ ተወው። .22 የሚረግጥ ጠመንጃ አይደለም፤ የሚቀንሰው ርግጫ የለም። የውሸት ማፈኛው ቀዳዳ ከባረሉ ጋር ካልተስተካከለ ጥይቱ ጠርዙን ይነካዋል። እውነተኛ ማፈኛ በቴክሳስ ይፈቀዳል፤ ግን በፌዴራል ሕግ አስቀድሞ ተመዝግቦ ሲፈቀድ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ «የማጽጃ ፈሳሽ መሰብሰቢያ» እየተባለ የሚሸጠውን ኪት እንዳትነካ። አንድ ቀዳዳ ስትበሳበት ያልተመዘገበ ማፈኛ ይሆናል፤ ወንጀሉም በዓመታት እስር የሚያስቀጣ ነው።

የ25ቱ ካዝና ይሠራል፤ በተለይ ራሱ ሩገር የሚሠራው። ግን ወደ ታች ረጅም ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ ስትተኩስ ይመታብሃል። ያ የመጀመሪያው 10 የሚይዘው ክብ ካዝና ከሰደፉ ጋር እኩል የሚቀመጥ ነው፤ ከዚህ ጠመንጃ ዲዛይን እኔ በጣም የማደንቀው እሱን ነው። ለጨዋታ አንድ ረጅም ያዝ፤ ለዒላማ አጭሩን ተጠቀም።

እንግዲህ ወደ መልኩ፣ ወደ ዋናው ጭቅጭቃችሁ።

ወንድምህ እንጨት የሚለው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ገጠር ያደገ ሰው ዓይኑ የለመደው ሠርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ ትከሻ ላይ ያየውን ነው። የአያት ምንሽር፣ የአባት ቤልጅግ፤ እንጨቱ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ማንገቻው ቆዳ። እዚህ አገርም በዕድሜ የገፋው አዳኝ ስሜቱ ያው ነው፦ ዋልነት እንጨትና ሰማያዊ ያደረ ጥቁር ብረት። ጥቁሩን ፕላስቲክ የወደደው ደግሞ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ከሆነው ኤም 16 በኋላ ያደገው፣ በተለይ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሰው ትውልድ ነው። እሱ «ጠመንጃ» ሲባል የሚታየው ያ ነው። አንዱ ሌላውን ፋራ ቢለው መጨረሻ የለውም፤ ሁለቱም የሚወዱት መጀመሪያ ያዩትን ነው።

ግን ሁለታችሁም ታሪኩን አጣማችሁታል። አንተ ጥቁሩ ዘመናዊ ነው ትላለህ። ሬሚንግተን ናይለን 66 የተባለ የ.22 ጠመንጃ በ1959 ወጥቷል፤ ሰደፉ በሙሉ ናይለን ነው። ከሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከቀለሞቹ አንዱ ጥቁር ነበር። የአንተ «አዲስ» ምርጫ ከ10/22 ራሱ አምስት ዓመት ይበልጣል። ወንድምህ ደግሞ ተደራርቦ በሙጫ የተጣበቀውን ላሚኔት እንጨት «ኮምፔርሳቶ ነው፣ እውነተኛ አይደለም» ይልሃል ብዬ እወራረዳለሁ፤ አብዛኛው እንጨት ወዳጅ ይለዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው የክላሽ ቡናማ ሰደፍ ምን ሆነና? ተደራርቦ የተጣበቀ የበርች እንጨት ነው። ጀርመኖችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የማውዘራቸውን ሰደፍ ከላሚኔት ሠርተዋል። ምክንያቱም አንድ ወጥ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ባረሉን ይገፋዋል። ላሚኔት የስንጥሮቹ አቅጣጫ ስለሚለያይና ሙጫ ስለጠጣ ብዙ አይንቀሳቀስም። ለዳላስ ሙቀትና ለመኪና ዕቃ መጫኛ ካማረው ዋልነት ይልቅ የሚሻለው እሱ ነው። ይከብዳል እንጂ።

እኔ በግሌ እንጨት እወዳለሁ። በተለይ ሩገር በአንድ ወቅት ያወጣውን፣ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ጫፍ የሚደርሰውን በማንሊኸር ስልት የተሠራ 10/22 ሳይ ዓይኔን አልነቅልም። ከዒላማ አንጻር ምንም ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ባረሉን የሚነካው ነገር በበዛ ቁጥር ጉዳት ነው። ግን ያምራል፣ በቃ። ጥቁሩንም አልጠላም። የማልወደው የማይሠራን ነገር የሚሠራ ማስመሰል ነው፤ የውሸት ማፈኛ፣ ምንም የማይገጠምበት ጥርስ ጥርስ ሐዲድ፣ ከጠመንጃው የሚከብድ የሌላ ጠመንጃ ቀፎ። ይህን አስተያየት አድርገህ ውሰደው።

መልክ ሌላም መዘዝ አለው። ሬንጅ ላይ ማንም ግድ አይሰጠው ይሆናል። ጎረቤት ግን .22 መሆኑን ከሩቅ አያውቅም፤ የሚያየው ጥቁር ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ከቤት ወደ መኪና ስታወጣው ሁልጊዜ በሳጥን ወይም በቦርሳ አድርገው። በተቃራኒውም የመጫወቻ ዕቃ የሚመስል ደማቅ ቀለም አትቀባው፤ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ በተለይ። «የልጅ ጠመንጃ» መባሉም አያዘናጋህ። የጥይቱ ሳጥን ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል ሊሄድ እንደሚችል ተጽፏል፤ ያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ቀለሙን ለመቀየር ካሰብክ አንድ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። የድሮ ጠመንጃ በሚጠቆርበት የፈላ ጨው ውስጥ ሪሲቨሩን አትንከረው። እሱ ለብረት ነው፤ ያንተ ሪሲቨር አልሙኒየም ስለሆነ ይበላዋል። ሴራኮት የሚባለው የሴራሚክ ቀለም ይሆናል፤ የለመደ ሰው ይቀባልህ። የመለያ ቁጥሩ ግን በቀለም እንዳይሞላ፣ በአሸዋ ወረቀትም እንዳይፋቅ። መለያ ቁጥር ማጥፋት በራሱ ወንጀል ነው።

አሁን ሕጉን ላንሳ፤ የምትሠራው ነገር የት እንደሚደርስ ይወስናልና። በፌዴራል ደረጃ የጠመንጃ ባረል ከ16 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ካነሰ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ያንተ ባረል 18.5 ኢንች ነው። አትቁረጠው።

ለወንድምህ ሠርቼ ልስጠው ያልከው ግን ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል። አንደኛ፣ በሁለት የተለያዩ ስቴቶች የሚኖሩ ሰዎች ጠመንጃ እጅ በእጅ መሰጣጣት አይችሉም፤ ወንድማማችም ቢሆኑ። በእሱ ስቴት ባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። ሁለተኛ፣ የ2013ቱ የኒው ዮርክ ሕግ ካዝናው የሚወጣ ከፊል አውቶማቲክ (ራሱ እየሞላ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ) ጠመንጃ ላይ ከተከለከሉት መልኮች አንዱ ብቻ ቢገኝ ይከለክለዋል። ታጣፊ ሰደፍ አንዱ ነው፣ ወጣ ያለ የሽጉጥ እጀታም አንዱ ነው። .22 ነው ብሎ አይምርህም። ካዝናም ከ10 በላይ አይፈቀድም፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንተ ዳላስ ላይ በነጻነት የምትገጥመው ሰደፍ እሱን ያሳስረዋል። እሱ እዚያው በሕጉ መሠረት ተራውን፣ የእንጨቱን ይግዛ። ምርጫውም ያው ነበር።

አባታችሁን በተመለከተ፣ ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ ልብ በል። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። ሬንጅ ላይ ለአንድ ጥይት እንኳ ቢሆን። የሰጠውም ሰው አብሮ ይጠየቃል። ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ በአሜሪካ ስቴት የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈበት የአደን ፈቃድ መያዝ ነው፤ ቴክሳስ ለውጭ ሰው ይሸጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃዱን ያውጡ፣ ሬንጁንም ደውለህ ጠይቅ፤ አንዳንዶቹ ከዚያም በላይ ጥብቅ ናቸው። ካልሆነ አብረው ይሂዱና ይመልከቱ እንጂ አይንኩ። ግሪን ካርድ ቢኖራቸው ኖሮ ይህ ጣጣ አይኖርም ነበር። ሲመለሱም ሻንጣቸው ውስጥ ካዝና ወይም ባረል እንዳትከት። ከዚህ ለማውጣት የኤክስፖርት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቦሌ ላይ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ይጠብቃቸዋል። በዚህ ዕድሜያቸው ጉምሩክ ላይ አታስቁማቸው።

እንግዲህ 600 ዶላርህን እንዲህ አውጣው። መጀመሪያ ከ80 እስከ 100 ዶላር ለጥይት ሙከራ። ከዚያ የቢኤክስ ቃታ። ከዚያ ለሪምፋየር የተሠራ ስኮፕ፣ 150 ዶላር ድረስ። የትልቅ ጠመንጃ ስኮፕ አትግጠም፤ እሱ የተስተካከለው ለ100 ያርድና ከዚያ በላይ ነው፤ የሪምፋየሩ ለ50 ነው። ቅርብ ዒላማ ላይ ዓይንህን ትንሽ ስታንቀሳቅስ መስቀሉ የሚንሸራተትብህ ለዚያ ነው። ከዚያ ሰደፉ። ጥቁር ትወዳለህ፤ ጥቁር ግዛ፤ ግን ታጣፊ አይሁን። ማግፑል ሀንተር ኤክስ 22 የሚባለው የማይታጠፍ ሰደፍ ርዝመቱ ይስተካከላል፣ ጉንጩም ከፍ የሚደረግበት ዕቃ አለው። ባረሉ የሚቀመጥበት ክፍል ተገልብጦ ቀጭኑንም ወፍራሙንም 0.920 ይቀበላል። ወደፊት ባረል ብትቀይር ሁለተኛ ሰደፍ አትገዛም። ዋጋው ከ200 ዶላር በታች ነው። ሐሳብህን ቀይረህ እንጨት ካልክ በዚያው ዋጋ ጉንጩ ከፍ ያለ ላሚኔት ታገኛለህ። የቀረውን ገንዘብ በሙሉ የወደደውን ጥይት ግዛበት። ባረሉ ይቆይ።

የፋብሪካውን ሰደፍ አትሽጠው፤ ገበያው ሞልቶታል፣ ምንም አያወጣልህም። ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው። አንድ ብሎንና ቀለበት ስለሆነ ወንድምህ ሲመጣ በአምስት ደቂቃ መልሰህ ትገጥመዋለህ። ብሎኑን ግን እስኪጮህ አታጥብቀው፤ ሪሲቨሩ አልሙኒየም ነው፣ ጥርሱ ይበላል። ስኮፑ ያለው ሪሲቨሩ ላይ ቢሆንም ሰደፍ ሲቀየር ባረሉ የሚያርፍበት ስለሚለወጥ ምቱ ይዛወራል። ሰደፍ በቀየርክ ቁጥር አንድ ሳጥን ይዘህ ሂድና እንደገና አስተካክለው።